ባዶ ወንበር የሰጠው ድምፅ

ሽማግሌውን ያገኘው የሰገነቱ ዘበኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የምክር ቤቱ አባላት ለሻይ ዕረፍት ወጥተው አዳራሹ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ከሕዝብ መመልከቻው ሰገነት ወደ ታች የሚወርደው ጠባብ ደረጃ ሥር ተዘርረው አገኛቸው። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። አንዱ ጫማቸው አራተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። መነጽራቸው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ አንድ ጭረት ሳይነካው ደረታቸው ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው ሲጮህ ቀድመው የደረሱት የምክር ቤቱ ድምፅ ቆጣሪ ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው ከሽማግሌው አንገት ሥር አደረጉ፤ አምቡላንስ ያስጠሩትም እሳቸው ናቸው።

የተጎዱትን ሰው የማያውቅ አልነበረም። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ደብዳቤ በየሠፈሩ ሲለዩ ኖረዋል፤ ሰው ሁሉ "ጋሼ ፖስታ" ነው የሚላቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጉባኤ ባለበት ቀን ሁሉ፣ ሰገነቱ ላይ ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ተቀምጠው አንድ ሰው ይከታተሉ ነበር፦ የሠፈራቸውን ተመራጭ። መጣ ወይስ ቀረ? ተናገረ ወይስ ዝም አለ? እጁን ለየትኛው አወጣ? ያዩትን ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተር ይጽፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱን በአንድ ገጽ ገልብጠው፣ ልጃቸው ልብስ በምትሰፋበት ሱቅ መስኮት ላይ ይለጥፋሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል።

ደብተሩ የለም። በሽማግሌው ጭብጥ ውስጥ የቀረችው የአንድ ገጽ ጥግ ብቻ ነበረች። "31" ተብሎ ተጽፎባታል፤ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተከቧል።

ኢንስፔክተሩ ደረጃው ሥር ተንበርክኮ ሲያይ፣ ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የተላከ ሰው ከኋላው ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

"አዳልጧቸው ነው" አለ ሰውየው። "ደረጃው ተወልውሎ ነበር።"

"ደብተሩንም አዳልጦት ነው?" አለ ኢንስፔክተሩ።

ሰውየው እንደገና ሰዓቱን አየ። ኢንስፔክተሩም ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ እስከ ሐሙስ ድረስ መልስ የሚሰጠው ሰው እንዳጣ ነው የቆየው።

*

ዘበኛው ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ሲጠየቅ ከጥያቄው ውጭ ያለውንም ይናገራል።

"ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተከበሩት ሹፌር ከጋሼ ጋር ሲጨቃጨቅ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"የተከበሩት" የሚለው የሠፈሩን ተመራጭ ነው። ሰው ስማቸውን ትቶ እንዲሁ ነው የሚጠራቸው፤ ግማሹ ከአክብሮት፣ ግማሹ ከሽሙጥ።

"ምን ብሎ ነው የተጨቃጨቀው?"

"ደብተሩን በእጁ ያዝ አድርጎ፣ 'ዛሬን እንኳ ይለፉን ጋሼ፣ ባዶ ብለው አይጻፉብን' ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ 'አንተ ልጅ፣ ሰውየው ካልተቀመጠ ምን ብዬ ልጻፍ? ቆሟል ብዬ?' አሉት። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።"

"ሲወድቁ አንተ የት ነበርክ?"

"ታች፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ። በዕረፍት ሰዓት አባላቱ ይግተለተላሉ። ዕረፍት ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ! ድምፅ ሲሰጥም ግማሹ እዚያ ነው፣ ግማሹ ስልክ ያወራል። እንዲያውም አንድ ጊዜ አንዱ አባል ..."

"በቃ፣ በቃ" አለ ኢንስፔክተሩ። "ስለ ደረጃው ብቻ ንገረኝ።"

ስለ ደረጃው ግን የሚያውቀው አልነበረውም።

*

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ተያዘ። ያስያዘው የኢንስፔክተሩ አለቃ ነው፤ የያዘችውም ያቺ የገጽ ጥግ ነች። የተከበሩት መኪና ሰሌዳ በሠላሳ አንድ ያልቃል።

"አለቀ፣ ደቀቀ" አለ አለቃው፣ እጁን እያፋተገ። "ሽማግሌው ማን እንደመታቸው ጽፈው ሰጥተውናል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ከደረጃ ላይ የሚወረወር ሰው እስክሪብቶ አውጥቶ ሰሌዳ ይጽፋል? ሁለት ጊዜስ ይከብበዋል?"

"አንተ ደግሞ ነገር ካልጠመዘዝክ እንቅልፍ አይወስድህም። ሹፌሩ ተጣልቷቸዋል፣ ምስክር አለ። በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ አይናገርም። ዓርብ በግድያ ሙከራ ክስ ተመሥርቶበት ወህኒ ይወርዳል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣህልኝ፣ እሰየው።"

ሹፌሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ኢንስፔክተሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አንዱን ጥያቄ በአሥር ዓይነት ጠየቀው።

"ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት የት ነበርክ?"

"ከተከበሩት ጋር።"

"የተከበሩትስ የት ነበሩ?"

ሹፌሩ ወደ በሩ አየ።

"ወንድሜ፣ ስማኝ። ምክር ቤቱ በስልክ አረጋግጦልኛል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፅ ሰጥተዋል፣ በመዝገብ ሰፍሯል። አንተስ አብረህ ገብተህ እጅህን አወጣህ?"

"እሳቸው ይናገሩ።"

"እሳቸው አይደሉም የታሰሩት!"

"እሳቸው ይናገሩ አልኩ እኮ፣ ጌታዬ። አስወጣሃለሁ፣ አንድ ቀን ታገሥ ብለውኛል።"

ሰው ራሱን ለማዳን አንድ ዓረፍተ ነገር በቂው ሆኖ ሳለ አፉን ሲዘጋ ማየት እንዴት እንደሚያበሽቅ፣ ልጆቼ፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ኢንስፔክተሩ ሲወጣ በሩን ጠረቀመው።

*

ረቡዕ ጠዋት የተከበሩት በቢሯቸው ተቀበሉት። ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል ይባል ነበር። በዚያ ቀን ግን ነጭ መሐረብ አፋቸው ላይ ጭነው፣ በቀስታ ነበር የሚያወሩት። ግራ ጉንጫቸው አብጧል።

"ጉንፋን ነው" አሉ፣ ሳይጠየቁ።

"ማክሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?"

"ሕዝብ የሰጠኝን አደራ እየተወጣሁ።"

"አዳራሽ ውስጥ ማለት ነው?"

"መዝገቡ ምን ይላል?"

"ደገፉ ይላል።"

"እንግዲያው ደግፌያለሁ።"

"የሠፈር ጤና ጣቢያዎችን ቁጥር የሚቀንሰውን ሕግ?"

መሐረቡ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "እ ... እሱኑ።"

"እሑድ ዕለት ለሠፈሩ ሰው፣ እጄ ይቆረጥ እንጂ ለዚህ ሕግ አላወጣትም ብለው ነበር አሉ።"

"ፖለቲካ አይገባህም፣ ልጄ።"

"እሱስ አይገባኝም። የሚገባኝ ሹፌርዎ ነው። ከሳቸው ጋር ነበርኩ ይላል።"

"ድሃ ነው፣ ተጨንቆ ነው የሚቀባጥረው። ጠበቃ አቆምለታለሁ።" መሐረቡን እንደጫኑ ተነሡ። "ጋሼ ፖስታንም እግዜር ይማራቸው። ደብተራቸው ሲያናድደኝ ኖሯል፤ ግን እኔ ደብተር አልመታም።"

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ነው ያገኘው፦ ሰውየው ዋሽተዋል። የዋሹት በየትኛው እንደሆነ ግን አልያዘውም። ለመራጮቻቸው እቃወማለሁ ብለው፣ ለፖሊስ ደገፍኩ አሉ። ሁለቱም ሲነሣ ፊታቸው እኩል ነበር።

*

የጋሼ ፖስታ ልጅ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነው የተቀበለችው። አባቷ ራሳቸውን እንደሳቱ ናቸው፤ ሐኪሞቹ ግቢ ነፍስ ውጪ ነፍስ ላይ ናቸው ስላሏት፣ እጇን ሥራ ላይ ካላዋለች ምን ታድርግ?

መስኮቷ ላይ የስድስት ሳምንት ወረቀት በተርታ ተለጥፏል። ኢንስፔክተሩ አንድ በአንድ አነበበ። በየማክሰኞው ሥር ያው ነገር ነው፦ "ጠዋት ፈርሞ ወጣ። ድምፅ ሲሰጥ ወንበሩ ባዶ።"

"ምናልባት አባትሽ ተሳስተው ቢሆንስ? ዓይናቸው ..."

መኪናዋን አቆመች። "ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ አንድ ፖስታ የማይገባበት ቤት አልላኩም።"

"እሺ፣ አትቆጪ። አባትሽ ግን ሰውየውን ይጠሏቸዋል፣ አይደል?"

"ይጠሏቸዋል? የመረጧቸው እኮ እሳቸው ናቸው! ሁለት ጊዜ! ጥሩ ንግግር ያደረጉ ቀን እማ እዚህ መጥተው ለደንበኛ ሁሉ ሲተርኩ ነው የሚውሉት።"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን የሚሉት ነው?"

"እሳቸውም ይጠየቃሉ። 'ድምፄን በአደራ ደብዳቤ ነው የላክሁት፣ መድረሱን የሚያሳይ ደረሰኝ እፈልጋለሁ' ነው መልሳቸው።" ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። "ሹፌሩን ልቀቁት። በወር አንዴ የልጆቹን ዩኒፎርም ይዞ ይመጣል፣ አባቴንም ሻይ ይጋብዛል። ሲጨቃጨቁ ነው የሚኖሩት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አያደርግም።"

"አያደርግም ብሎ ማመን ማስረጃ አይሆንም፣ እህቴ።"

"እንግዲያው ማስረጃውን አምጣዋ! ፖሊሱ አንተ አይደለህ?"

ይህችኛዋ አባባል ከአለቃው ስድብ ይልቅ ዘልቃ ገባችው።

*

ሐሙስ በጠዋት የሹፌሩ ሚስት ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችው። ምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ዓይኗ በቁጣ ቀልቷል።

"እሱ አልናገርም ካለ እኔ እናገራለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የት እንደሚሄዱ ልንገርዎት? ጥርስ ሐኪም ቤት! ሰውየው ጥርሳቸው ረግፎ አዲስ እያስተከሉ ነው። እሱ በር ላይ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነኝ። የዚህ ሳምንት ማክሰኞም አድርሻለሁ፣ አምስት ሰዓት ላይ!"

"ለምን አይናገሩም ታዲያ? ጥርስ ማስተከል ወንጀል ነው?"

"ያለ ፈቃድ ከጉባኤ ሦስት ጊዜ የቀረ ከወንበሩ ይነሳል አሉ። እሳቸው ሰባት ቀርተዋል። ከተነሱ የእኛም እንጀራ ተነሳ። ባሌ የዋህ ነው፣ አንድ ቀን ታገሥ ስላሉት ይኸው ሦስተኛ ቀኑ።"

ኢንስፔክተሩ በሩጫ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"የታካሚ ምስጢር ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡ።"

"ትእዛዙ አሥር ቀን ይፈጃል። ሰውየው ነገ ወህኒ ይወርዳል።"

"አዝናለሁ። እኔ የማክመው ጥርስ ነው።"

ወደ አለቃው ተመለሰ። አለቃው እስኪጨርስ እንኳ አላስቻለውም።

"በአንድ በኩል የሚስት ቃል፣ በሌላ በኩል የምክር ቤት ማኅተም። አንተ በኔ ቦታ ብትሆን የትኛውን ታምናለህ?"

"ሴትየዋን።"

"ለዚህ ነው በኔ ቦታ ያልሆንከው።"

ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን በመዳፉ ደገፈ። ነገሩ አሁን ግልጽ ሆኖለታል፤ ግልጽ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አንጀቱን አሳረረው። ሹፌሩ እውነቱን ነው የተናገረው። እውነቱን ውሸት ያደረገችው በመዝገቡ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ነች፦ "ደገፉ።" ለጥርሳቸው አፋቸውን ከፍተው የተኙ ሰው እጃቸውን እንዴት አወጡ? ቃሏንስ የጻፋት ማን ነው?

*

በምክር ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ሳንድዊች እየበላች ነበር።

"ቃለ ጉባኤውን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ" አላት። "ማክሰኞ።"

"አልደረሰንም።"

"በእጄ ነው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት!"

"ከደረሰ ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥር ከሌለው አልደረሰም።"

"እንግዲያው የገቢ መዝገቡን ያውጡት። አብረን እናየዋለን። አልሄድም፤ ከፈለጉ ከነወንበሩ ያስወጡኝ።"

ሴትዮዋ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ትልቁን መዝገብ ገለጠች። ጣቷ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ቁጥር 412፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከፖሊስ የመጣ ደብዳቤ።

"ውይ" አለች። "ደርሷል ለካ።"

ኢንስፔክተሩ ግን አልሰማትም። ከደብዳቤው በላይ ያለችውን መስመር እያነበበ ነበር። ቁጥር 411፣ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ። አንድ ደብተር፣ ጥቁር ሽፋን፣ የመጨረሻው ገጽ ጥግ የጎደለው። ከሕዝብ ሰገነት። የተመራው ወደ ድምፅ ቆጠራ ክፍል።

"ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው?"

"የለም፤ ማክሰኞ በዚያ ሰዓት ሁሉ ግርግሩን ሊያይ ወጥቶ ነበር። የቆጣሪያችን እጅ ነው። እኔ ከሌለሁ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት በእጃቸው አልፎ አያውቅም፤ የሰርግ ጥሪ እንኳ ሲደርሳቸው መዝግበው ነው የሚያነቡት።" ሳቀች። "ምነው፣ ምን አገኙ?"

"ምንም። ቃለ ጉባኤውን ይስጡኝ። የማክሰኞውን፣ ከፊቱ ያሉትንም።"

አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ተቀምጦ ደመረ። ትምህርቱ ሩቅ አልሄደም፤ መደመርና መቀነስ ግን ለማንም አያንስም። ማክሰኞ ጠዋት የፈረሙ 118። የተቃወሙ 46። ድምፀ ተአቅቦ 9። የደገፉ 63። ድምሩ 118። ከፊቱ ያለው ሳምንት፦ ጠዋት የፈረሙ 121፤ የድምፁ ድምር 121። ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በፊት። ጠዋት የፈረመ ሁሉ ኋላም ወንበሩ ላይ አለ። በዚህ ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ሽንት ቤት የሄደ ሰው የለም! ዘበኛው ግን ግማሹ እዚያ ነው ብሎት ነበር፤ "በቃ፣ በቃ" ብሎ ያቋረጠው ደግሞ ራሱ ነው። ራሱን በጥፊ ቢመታ ደስ ባለው።

*

የቆጣሪው ክፍል ጠባብ፣ ንጹሕ ክፍል ነው። እርሳሶቹ በቁመት ተደርድረዋል። ሰውየው ስድሳ ሊሞላቸው ነው፣ ቀጭንና ትሑት ናቸው፤ ወንበር ጎትተው አስቀመጡት።

"ጋሼ እንዴት ናቸው?" አሉ አስቀድመው።

"አልነቁም።" ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ቃልዎን ሲሰጡ፣ ማክሰኞ በዕረፍቱ ሰዓት የት እንደነበሩ ነግረውኛል፤ እዚህ ተቀምጠው ውጤቱን በስም ሲያዘጋጁ ነበር። ምን ያህል ፈጀብዎ?"

"አሥራ አምስት ደቂቃ። የመቶ አሥራ ስምንት ሰው ስም ነው። አፈ ጉባኤውም ያውቁታል፣ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ነው የማስረክባቸው።"

"እባክዎ አሁን እንደዚያው ይሥሩልኝ። ማስታወሻዎ ይኸው፣ የፊርማው ዝርዝርም ይኸው።"

ቆጣሪው እርሳስ አነሡ። የሃያ ሁለት ዓመት እጅ ነው፣ ጌታውን አልጠበቀም። የተቃወሙትን ስም ጻፉ። ድምፀ ተአቅቦ ያሉትን ጻፉ። ሁለቱን ደምረው ከመቶ አሥራ ስምንት ቀነሱ። በቀረው ስም ሁሉ ላይ አንድ ረጅም መስመር ከላይ እስከ ታች አወረዱና "ደገፉ" ብለው ጻፉበት። እርሳሱን አስቀመጡ።

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አነሣ። "ሦስት ደቂቃ።"

ቆጣሪው ወረቀቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ።

"አሥራ ሁለቱ ደቂቃ የት ሄደ?" አለ ኢንስፔክተሩ በለሆሳስ። "ቁጥር 411ስ የት ነው ያለው?"

ቆጣሪው ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ማኅደር አወረዱ። ጥቁሩ ደብተር በውስጡ ነበር፤ ማኅተም ተደርጎበታል፣ ቀን ተጽፎበታል።

"በመጀመሪያው ዓመት እጅ እቆጥር ነበር" አሉ። "እጅ መቁጠር ቀላል ይመስላል። አንዱ ግማሽ ያወጣል፣ አንዱ አገጩን ያካል፣ አንዱ ሳልቆጥረው ያወርዳል። አፈ ጉባኤው ቶሎ በል ይሉኛል። የሚቃወሙት ሁልጊዜ ጥቂት ስለሆኑ እነሱን መጻፍ ይቀላል። የቀረው ይቀነሳል።"

"አዳራሹን ጥሎ የወጣውስ?"

"የወጣው ... ደገፈ።"

"ስንት ዓመት?"

"ሃያ አንድ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ጎድቼ አላውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ውጤቱ ይለወጣል ብዬ አላሰብኩም።"

"ማክሰኞስ?"

"ማክሰኞ ጋሼ ፖስታ ደረጃው ላይ ጠሩኝ። 'ወንድሜ፣ የእኔ ሰው ወንበር ባዶ ሆኖ ዙሪያውን ባይ ሌላውም ባዶ ነው። ሠላሳ አንድ ቆጥሬአለሁ። የደገፉት አሁን እንደተነበበው ስልሳ ሦስት ሊሆኑ አይችሉም፣ ሠላሳ ሁለት ናቸው። ሕጉ ወድቋል። ሌላ ሰው ደርሶበት ሳይወቅስዎት ቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው' አሉኝ።" ያወለቁትን መነጽር በእጅጌያቸው ጠረጉ። "ሊረዱኝ ነበር የመጡት። እንዳላፍር ብለው። እኔ ደግሞ የታየኝ ሃያ አንዱ ዓመት ነው። ደብተሩን ያሳዩኝ ብዬ ያዝኩ። ሳቡ፣ እኔም ሳብኩ። ወረቀቱ ተቀደደ።"

"ከዚያ ሸሽተው ደብተሩን እዚህ አመጡ።"

"ዘበኛው ሲጮህ ተመለስኩ። ኮቴን ..."

"ኮትዎን አይቻለሁ። ደብተሩንስ ለምን አላቃጠሉትም?"

ቆጣሪው ያልገባቸው መሰሉ። "ወረቀት እንዴት ይቃጠላል? ቁጥር ሳልሰጠውስ የት አስቀምጠዋለሁ?"

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣ ፈልጎ አቃተው። ማዘንም አላሰኘውም። "ሹፌሩ መታሰሩን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ። እውነቱ ይወጣለታል ብዬ ..."

"ከጌታው ጋር ነበርኩ ብሏል፣ እውነቱን ነው። ያሰረው አሁን ያወረዷት መስመር ናት።"

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጡት። የተገለበጠውም ወረቀት ላይ ግን የእርሳሱ ጫና ይታይ ነበር።

*

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሹፌሩ ተፈታ። ሚስቱ በር ላይ መጀመሪያ በቡጢ መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው። የተከበሩት ጠበቃ አልላኩም። የላኩት መልእክት ነው፦ የመኪናውን ቁልፍ እንዲያስረክብ።

ኢንስፔክተሩ የዚያን ዕለት ከሰዓት ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያልሄደበት በር የለም። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይታረምም አሉት። ሕጉ ታትሟል አሉት። የተከበሩትስ? በመዝገቡ መሠረት ተገኝተዋል፣ ደግፈዋል፤ መዝገቡ ደግሞ አይታረምም። ቆጣሪው በሰው ላይ ጉዳት በማድረስ ይጠየቃሉ፤ የሃያ አንድ ዓመቱን መስመር የሚጠይቅ አንቀጽ ግን አልተገኘም። አለቃው ፋይሉን ዘግቶ ትከሻውን ቸብ አደረገው። "ጥፋተኛውን ፈለግህ፣ አገኘህ። ከዚህ ወዲያ ምክር ቤት አይታሰርልህም።" ኢንስፔክተሩ ትከሻውን አሸሸ።

ቅዳሜ ጋሼ ፖስታ ነቁ። ኢንስፔክተሩ ሆስፒታል ሲደርስ ልጃቸው ትራሳቸውን እያስተካከለች ነበር፤ ሹፌሩ ደግሞ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

"ደብተሬስ?" አሉ ሽማግሌው፣ ገና ሳይቀመጥ።

"አግኝቼዋለሁ ጋሼ። ግን ... የገቢ ቁጥር ተሰጥቶታል። መዝገብ የገባ ሰነድ የምክር ቤቱ ንብረት ነው አሉ። ማስረጃ ሆኖ ካበቃ በኋላም ወደዚያው ይመለሳል።"

ልጃቸው ልትጮህ አፏን ከፈተች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

"ቆጣሪው እንዴት ነው?"

"ታስረዋል።"

"መቁጠር ቢያስተምሩት ይሻል ነበር" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የደከማቸው መሰለ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲገባ፣ ልጆቼ፣ ሰው ምን ይላል?

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ የማክሰኞዎቹን እኔ ልንገርዎት? እኔ አስታውሳቸዋለሁ።"

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "አንተ? ባዶ ብለው አይጻፉብን ስትል የነበርከው?"

"እኔው ነኝ።"

"ኋላ ልትጸጸት ነው። ሌላም ቦታ ሹፌር አድርጎ የሚቀጥርህ አታገኝም።"

"እሱን ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። የጥርሱን ብቻም አይደል። ሰባት ዓመት ነው የነዳኋቸው፤ ከጉባኤ ሲወጡ ሁሉ የት እንደሄዱ አውቃለሁ።"

ልጅቷ ከቦርሳዋ ልብስ ልክ የምትቆርጥበትን ሰፊ ወረቀት አውጥታ አባቷ ጭን ላይ ዘረጋችው። ኢንስፔክተሩ በሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ለምኖት አንዲት ቃል ያላወጣለት ሰው፣ እሱ መኖሩን እንኳ ረስቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ከመጀመሪያው ጀምር" አሉ ጋሼ ፖስታ። መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ ያዙ። "ቀኑን ንገረኝ። ሰዓቱንም።"

"ማክሰኞ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈርመው ወጡ።"

"ሰው ነግሮህ ነው ወይስ በዓይንህ አይተህ?"

"የመኪናውን በር የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ጻፉ።